ያለ ዘነቡ የተሸጠው ካሴት

ካሴት ሽታ አለው። የሞቀ ፕላስቲክ፣ አቧራ፣ ትንሽ ደግሞ የእጅ ላብ። እኔ ሽታውን ከረሳሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጥ ሰው አፍንጫ የሚያውቀው ዝገትና ቀለም ብቻ ነው። ዘንድሮ ጥቅምት ውስጥ ግን አንዲት ወጣት መርሳ ያለው ሱቄ ገብታ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ካሴት ከቦርሳዋ አውጥታ ሚስማር ካርቶኖቼ ላይ ስታስቀምጠው ሽታው ድንገት መጣብኝ። ወረቀቱ ላይ በቢክ የተጻፈውን አነበብኩ። «ደምሌ፣ ቁጥር አንድ። ይመር ሙዚቃ ቤት፣ መርሳ።» የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው።

«ይመር ሙዚቃ ቤትን እየፈለግኩ ነበር» አለች፣ የተደረደሩትን የበር እጀታዎች እያየች።

«ሙዚቃው አልቋል። ማጠፊያ ግን አለ» አልኳት።

ቤዛ ትባላለች። ወልድያ የምታስተምር፣ ሙዚቃ ተምራ ከሌላ አገር የመጣች መምህርት ናት። ያካባቢውን የድሮ ዘፈኖች ከነዜማቸው በኖታ ጽፋ፣ ቃላቸውን ከሥር አስገብታ፣ ለተማሪዎች የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ ልታሳትም ነው። ካሴቱን ያገኘችው ከአንድ ጡረታ ከወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አድራሻዬን የነገራት ደግሞ ወረቀቱ ነው። ማስታወቂያ ማለት እንዲህ ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ደንበኛ ያመጣል።

የኔ ሙዚቃ ቤት አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነበር፤ አሁን የሞባይል ሽፋን የሚሸጥበት ቦታ። ያኔ ከመርሳ ወልድያ በሁለት ብር ይኬድ ነበር፣ መቀመጫ ካልፈለግክ ደግሞ ባንድ ብር። እኔ እግሩ ታች ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ባለ አበባ የቴትሮን ሸሚዝ ለብሼ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ በሩ ላይ እቆማለሁ። ጫማዬ ግን የላስቲክ ኮንጎ ነው፤ ከጉልበት በታች ገንዘብ አላወጣም ነበር። ከአሰብ መስመር ሾፌር የገዛሁት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበረኝ። ባንዱ በኩል ይጫወታል፣ በሌላው በኩል ይቀዳል። ካሴት ሲያጥረኝ የማንንም ዘፈን አጥፍቼ የማንንም ዘፈን እቀዳበታለሁ። ባዶ ካሴት አልነበረንም፤ ሁሉም ውስጡ ሌላ ሰው ነበረበት። ፈትሉ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ አሽከርክሬ እመልሰዋለሁ። ዛሬ ለልጆች ካሴትና እስክሪብቶ ምን ያገናኛቸዋል ብላችሁ ብትጠይቋቸው ያሾፋችሁባቸው ይመስላቸዋል።

ደምሌ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር፤ ነፍሱን ይማርና ከሞተ ቆይቷል። ዘወትር የሚጫወተው ከገበያው ጀርባ ባለው ጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ቤቱ የዘነቡ አክስት ንብረት ነው፣ ዘነቡ ደግሞ ብርሌ ታመላልሳለች። ቀጭን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ የምትሮጥ፣ አፏ ግን ከእግሯ የሚፈጥን ልጅ ነበረች። እንደሚታወቀው ማሲንቆ ተጫዋች ግጥሙን ሁሉ ከሆዱ አያወጣም፤ ካጠገቡ አንድ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ በንግግር ይሰጠዋል፣ እሱ ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። ለደምሌ ስንኝ ሰጪዋ ዘነቡ ነበረች። አራት ብርሌ በሁለት እጇ ይዛ በፊቱ ስታልፍ፣ ዞር እንኳ ሳትል ትወረውርለታለች።

ከመርሳ ግራና መንገዱ ቅርብ ነበር፣
ሰው ያራዘመው ነው ቆሞ ሲነጋገር።

ደምሌ ይቺን ተቀብሎ ሲያንጎራጉራት ጠጪው ብርሌውን ይረሳ ነበር። እኔም በአንድ የገበያ ቀን ቴፔን ተሸክሜ ሄጄ፣ ጠጅ ቤቱ ጥግ አስቀምጬ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ቀዳሁት። «ቁጥር አንድ» የተባለው እሱ ነው። ከሐራ እስከ ውርጌሳ ያልሰማው ሾፌር አልነበረም።

ወደ ቤዛ ልመለስ። ኮምፒውተሯን ባንኮዬ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ስክሪኑ ላይ አምስት አምስት መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩ ላይ ጭራ ያበቀለ ኑግ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ተበትኗል። ነጥቡ ዜማው ነው። መስመሩ በየመሀሉ በቋሚ ተከፍሎ ሳጥን ሳጥን ሆኗል። ቃሉ የሚገባው ከሥር ነው፣ አገባቡ ግን እንደ ደብዳቤ ዝም ብሎ መጻፍ አይደለም። ለአንድ ነጥብ አንድ ድምፅ ትጽፋለች፤ ሰረዝ ስትመታ ቀጣዩ ነጥብ ሥር ትሄዳለች፤ ቃሉ ሲያልቅ ትልቁን ባዶ ቁልፍ ትመታለች። ዘፋኙ አንዷን ድምፅ ጎትቶ አራት ነጥብ ላይ ካንሸራተታት ደግሞ ከፊደሏ ኋላ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይሳባል።

«'መርሳ' የሚለውን ይዩልኝ ጋሽ ይመር» አለችኝ። «ፊደሉ ሦስት ነው፣ ነጥቡ ሁለት። 'ር' የራሷ ነጥብ ስለሌላት 'መ' ሥር አብራ ትገባለች።»

«ደባል ሆነች ማለት ነው?»

«አዎ፣ ደባል» ብላ ሳቀች።

እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ደምሌ «ሲነጋገር» ላይ ያለችውን «ጋ» እየጎተተ ሲሄድ፣ መስመሩ ከሳጥን ሳጥን እየዘለለ ሲቀጥል፣ እኔ የቱ ነጥብ ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ። አርባ ዓመት አፌ ላይ የነበረ ዘፈን ነው። ስክሪን ላይ ሳየው ግን ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰው ሆነብኝ። ሚዛን ላይ የማላውቀው ነገር የለም፤ ዘፈን ግን ተከፋፍሎ ሲመዘን ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

«አሁን የመጣሁበትን ላሳይዎት» አለች። «እያንዳንዱ ሳጥን እኩል ምት መያዝ አለበት። የግጥሙ ቤት ባለቀ ቁጥር ግን የመጨረሻው ሳጥን አይሞላም። ማሲንቆው እየሄደ፣ እየሄደ፣ ምቱ ሳይደርስ ድንገት ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ባዶ ስተወው ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ የዝምታ ምልክት ይሞላበታል። እዚህ ጋ ዝምታ የለም እኮ! ደምሌ በሕይወት እያሉ እንዲህ አድርገው ይጫወቱ ነበር? ሁልጊዜ?»

ካሴቱን ከኮምፒውተሯ አጫወተችልኝ። ማሲንቆው መጣ፣ ቤቱ አለቀ፣ ከዚያ... ቀጭ። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። ሳያውቃት ለሚሰማት ሰው የካሴት እርጅና ናት። እኔ ግን አመልካች ጣቴ ድረስ ተሰማችኝ። የቴፑ ማቆሚያ፣ የፖዝ ቁልፍ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀዳሁበት ካሴት የዘጠና ደቂቃ ነው፣ የምሸጠው የስልሳ፤ ዘፈኑ በጥቂት ደቂቃ በለጠ። ደምሌ ላይ የሚቆረጥ የለም፣ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ስለዚህ ከዋናው ካሴት ወደ ሌላው ስገለብጥ፣ ዘነቡ «ተቀበል!» ልትል አፏን ስትከፍት ፖዝ እጫናለሁ፤ ስትጨርስ እለቀዋለሁ። እሷ የምትለውን ደምሌ ስለሚደግመው ምን ጎደለ? አልኩ። ዋናውን ካሴት ደግሞ በሳምንቱ ሌላ ዘፈን ቀዳሁበት። ለሾፌሮቹም ደስ አላቸው፤ «ያቺ ሴትዮ ታቋርጠናለች» ይሉ ነበርና። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይሄን ነው። ሌላ ምክንያት ነበረኝ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያን ጊዜ ዘነቡን ላስጠይቃት አስቤ ሽማግሌ ሳልልክ ግራና ላለ የብርቱካን አትክልተኛ ተድራብኝ ነበር። ጣቴ ፖዙ ላይ ሲያርፍ ስለ ካሴቱ ማጠር እያሰበ ይሁን ስለ ሌላው፣ ዛሬም ብጠይቀው የሚመልስልኝ አይመስለኝም።

ለቤዛ የመለስኩላት «እንጃ፣ ቆይቷል» ብዬ ነው።

ያን ሳምንት ሐሳቤ ካሴቱ ላይ ስለነበር ለአንድ ሰውዬ የመስኮት ማጠፊያ ለበር ሸጥኩለት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆን ብዬ ነው ይባል ነበር።

በሳምንቱ ተመለሰች፣ በዚህ ጊዜ ወረቀት ይዛ። አሳምራ አትማዋለች። አናቱ ላይ በስተቀኝ «ዜማ፦ ደምሌ»፣ በስተግራ «ግጥም፦ ደምሌ» ይላል።

«ፕሮግራሙ ቦታውን አዘጋጅቶ ይጠይቃል» አለች። «ግጥም የማን፣ ዜማ የማን። ደግሞ የዚያን ነገር መልስ አገኘሁት! የማይሞላውን ሳጥን። ያካባቢው የአጨዋወት ስልት ነው ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩበት። 'የጎደለ ምት' ብዬዋለሁ። ሌላ ቦታ የለም ጋሽ ይመር፣ የናንተ ብቻ ነው!»

አራት ገጽ። እኔ በሕይወቴ ደብዳቤ እንኳ ከአንድ ገጽ በላይ ጽፌ አላውቅም፣ ጣቴ ግን አራት ገጽ አጽፎ ባህል ሊባል ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ደምሌ የለም፣ ዋናው ካሴት የለም፣ ጠጅ ቤቱ ፈርሶ ወፍጮ ቤት ሆኗል። መጽሐፉ በወሩ መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የወልድያ ተማሪ ሁሉ ግጥሙ የደምሌ ነው ብሎ ይማራል፣ ያልነበረ ምትም ያጠናል። ዘነቡ ግን አለች። ግራና ናት። መርሳ ገበያ ስትመጣ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ሚስማር ግን ከእኔ ገዝታ አታውቅም፣ ሁልጊዜ ከወዲያኛው ሱቅ ነው። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ነጋዴ ስለማይገዛው ሰው ብዙ ቢያስብ ይደኸያል።

«ቤዛ» አልኳት «አራቱን ገጽ ቅደጃቸው።»

ነገርኳት። ስጨርስ ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች፣ የሚስማር ካርቶኑን አየች።

«ስልት አይደለም?»

«ፖዝ ነው።»

«ሃያ ሁለት ቦታ?»

«ሃያ ሁለት ጊዜ ተናግራለቻ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ባንኮው ላይ በክርኗ ተደግፋ «ሴትየዋ የት ናቸው?» አለችኝ።

በባጃጅ ወደ ግራና ሄድን። ዘነቡ ግቢዋ ውስጥ ቁና አጠገቧ አድርጋ፣ ትልቁን ብርቱካን ከትንሹ እየለየች ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አትክልቱን የምትይዘው ራሷ ናት። ቀና አለችና አየችኝ።

«ይመር! ሚስማር ልትሸጥልኝ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ?»

«ዘነቡ፣ እንደምን ከረምሽ? ይቺ መምህርት ናት፣ ከወልድያ ነው የመጣችው። የደምሌን ዘፈን መጽሐፍ ላይ ልታወጣው ነው።»

«ጎሽ። ታውጣው።» ወደ ብርቱካኑ ተመለሰች።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከዘይት መወደድ ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ነገሩ የሚገባ፣ ጥሩ ንግግር ነበር። ጠፋኝ።

«ከካሴቱ ላይ ድምፅሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአውቶቡሱ ጀምሮ» አለች። አንድ ብርቱካን አንስታ በነጠላዋ ጠረገችና ለቤዛ ሰጠቻት። «ተቀመጪ ልጄ፣ ቆመሽ አትስሚኝ። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ከባሌ ጋር ደሴ እንሄዳለን፣ ሾፌሩ የደምሌን ከፈተ። እኔ ደስታዬ! ለባሌ 'ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ድምፄ ይመጣል፣ ስማ' አልኩት። ያጠገቤ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። እንጠብቃለን፣ ደምሌ ብቻ ነው። 'ቆይ፣ የሚቀጥለው ላይ' እላለሁ፣ ደምሌ ብቻ። ሾፌሩ ድምፁን ጨመረና 'እመቤት፣ ኧረ የት ጋ ነሽ?' አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።» አንድ ትንሽ ብርቱካን ወደ ትልልቆቹ ወረወረች፤ ስህተቷን አይታ መለሰችው። «ባሌም ሳቀ። ደግ ሰው ነበር። ግን ሳቀ። ደሴ ሳልደርስ ውርጌሳ ላይ ወረድኩ።»

«እኔ ዘንድ ለምን አልመጣሽም?» አልኳት።

«መጥቼ ምን ልበልህ? ድምፄን መልስልኝ?»

ቤዛ ብርቱካኑን እንደያዘች ነው፣ አልላጠችውም። «ከዚያ በኋላስ እማማ? ግጥም መስጠት?»

«ተውኩታ። ደምሌ ሦስት ጊዜ እዚህ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። 'እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ፣ እኔ አልቆረጥኩሽ' አለኝ። እውነቱን ነው። ግን አፌ እንቢ አለ።»

ይሄን አላውቅም ነበር። የደምሌን «ቁጥር ሁለት» እኔው ቀድቼዋለሁ፤ ቃሉ የሞተ ስለሆነ አልተሸጠም። ያን ጊዜ «ደምሌ ጠጅ አብዝቶ ተበላሸ» ብዬ በየሱቁ ያወራሁት እኔ ነኝ። ሰዎች አመኑኝ። እኔም አምኜው ኖሬያለሁ። አሁን ሁለት ሰው ነው ወይስ አንድ ሰው የበደልኩት፣ ወይስ ካሴት እንጂ ሰው አልነካሁም፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ልለየው ብል አቃተኝ። እሷ ብርቱካን ትለያለች፣ እኔ ግራ ገብቶኛል።

ቤዛ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዘነቡ መጀመሪያ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ከጀመረች በኋላ ግን ሃያ ሁለቱንም አንድ ሳታዛንፍ አወረደቻቸው። ቤዛ ባልሞሉት ሳጥኖች መሀል አዲስ ሳጥን እየከፈተች ቃሉን አስገባች። ንግግር እንጂ ዘፈን ስላልሆነ በክቡ ነጥብ ፈንታ ጭራው ላይ የመስቀል ምልክት ይደረጋል አለች። ዘነቡ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን አየች።

«ይሄ ሁሉ መስቀል የኔ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«አልሞትኩም እኮ!»

ሳቅን። እኔ ከልክ በላይ ሳቅኩ መሰለኝ፣ ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ።

ቤዛ አናቱ ላይ ያለውን አጥፍታ «ግጥም፦ ዘነቡ ተገኘ» ብላ ጻፈችና ቃሉ እንዴት ጠፍቶ እንደነበር ግርጌው ላይ ማስረዳት እንዳለባት ነገረችን። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ «ስሜን ጻፊው። መርሳ ያለው ይመር ቆረጠው በይ፣ አልደበቅም» አልኩ። እውነት ለመናገር፣ መጽሐፍ ላይ ስሜ ሲወጣ በጥፋትም ቢሆን ቅር አላለኝም ነበር።

«የሱን ስም ተዪው» አለች ዘነቡ።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«አንድ ነጋዴ በዪ። ብዙ ነበሩ።»

ይሄ ምሕረት ነው? ስሜን ከነውር አዳነችው? ወይስ እሷ ከወጣችበት እኔንም አስወጣችኝ? ፊቷን አየሁ፤ ብርቱካን እየቆጠረ ያለ ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ላይ ዋጋ ማንበብ እንጀራዬ ነው፣ የዘነቡን ግን ማንበብ አልቻልኩም።

ቤዛ ባጃጁን ልታስነሳ ቀድማ ወጣች። እኔ ተሰናብቼ ከግቢው በር ስደርስ ዘነቡ «ይመር» አለችኝ። ዞርኩ። ከቁናው ቀና ሳትል፣ ልክ ያኔ ብርሌ ይዛ እንደምታልፈው፣ እንዲህ አለች።

ከዘፈኑ መሀል እኔን ያወጣኸኝ፣
ዛሬስ ዝምታዬን በምን ቆረጥክልኝ?

መልስ ሳትጠብቅ ሥራዋን ቀጠለች። ምስጋና ይሁን ስድብ ያልለየሁትን ሁለት ስንኝ ይዤ ወጣሁ። ማንም አልሰማውም። ቴፕ የለም፣ ስልክ አልተከፈተም፣ ቤዛ ሩቅ ናት። በዚህ ዓለም ላይ ያለው እኔ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ ደግሞ የሚነካው እኔን ነው። ባጃጁ ድረስ ያለችው መንገድ ሃምሳ እርምጃ አትሆንም። መሀሏ ላይ ቆሜ፣ ዝም ብል ምን ይጎድላል ብዬ እንዳሰብኩ አልክድም። ልማድ ነው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ባጃጁ ሲነሳ «ቤዛ፣ ጻፊ» አልኳት። ስልኳን አወጣች። ድምፄን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጌ፣ ሁለቱንም ስንኝ ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። ሾፌሩም ሰማ። ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

ቤዛ ጽፋ ጨረሰችና ደጋግማ አነበበችው።

«ዜማው የትኛው ነው?»

«ዜማ የለውም። እንዲሁ ነው ያለችው።»

«ደምሌ የሉ፣ ተቀባይ የለ...» አለች ግራ ገብቷት። «ፕሮግራሙ ቃልን የሚያስቀምጠው ነጥብ ሥር ነው፣ ጋሽ ይመር። ይሄ ነጥብ የለውም። የት ላድርገው?»

ያን ቀን ግራ ሳይገባኝ የመለስኩት ጥያቄ እሱ ብቻ ነው።

«ከስሟ ሥር» አልኳት።